ሳሎኑን ያጠበበችው እማዬ

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ 2025

ዉድበሪ ከተማ ልናሠራው ያሰብነው ቤት በስኩዌር ፊት፣ ማለትም በወለሉ ስፋት፣ ሲተመን ከበጀታችን አለፈ። አባዬ የእኔንና የታናሽ እህቴን ክፍል አንድ እናድርገው አለ። እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። እማዬ ግን ሁላችንንም ወደ ጓሮ ይዛን ወጣች። ቡት ጫማዋን እየጎተተች የክፍሎቹን ንድፍ በሙሉ በረዶው ላይ አሠመረች። ከዚያ የሳሎኑን ግማሽ በእግሯ አጠፋችው።

«እንዴ! እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?» አለ አባዬ።

«ጠጋ ጠጋ ይላላ! እንግዳ የሚመጣው ለበዓል ነው፤ ልጅቷ ግን ሁልጊዜ እዚሁ ናት።»

አባዬ በጠበበው ሳሎን ውስጥ ትንሽ ተንጎራደደና «እሺ፣ ይሁን» አለ።

እማዬ ትገርመኛለች። እንዲህ መድፈርን ከየት ተማረችው?

«በርሽ በየት በኩል ይሁን?» አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት።

«በአፍሽ!»

«በዚህ በኩል» አልኩ። አባዬም ሰማኝ።