ከዲስኩ ፍተሻ የተረፈው የዘር ቆጠራ

ረቡዕ

ጠፋ። የአባባ ወልዴ ፋይል የለም! ትናንት መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ዲስኩን መፈተሽ ጀመረ። እኔ ደግሞ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ፤ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ሸፍኜው፣ የጽሕፈት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ስመለስ ፍተሻው አልቆ እንደ ወትሮው ተነስቶ ጠበቀኝ። ምን አገኘ? ምን ነካ? አላየሁም። ዛሬ "የቤታችን" የሚለው ፎልደር ከነፋይሉ የለም።

የሰው ማመልከቻ ቢሆን ደግሜ እጽፈው ነበር። ይሄ ግን የዘር ቆጠራችን ነው። የአባቴ አጎት አባባ ወልዴ አምና እዚሁ ተቀምጠው እስከ ስምንት ቤት ቆጥረውልኝ ነበር። "ወረቀት ላይ እንዳታወጪው፤ ዘር ገበያ አይወጣም" ስላሉኝ አላተምኩትም። እሳቸው ዐርፈዋል። ቅዳሜ የእህቴ የጽጌና የእጮኛዋ፣ የራቤል አገሩ ልጅ የጌታሁን፣ ሽማግሌዎች ተገናኝተው ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ ከአራት ቤት በላይ አያውቁም።

ሐሙስ

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለሰለሞን ደወልኩ። ሳቀብኝ። ፍተሻው ያገኘውን ማሽኑ ራሱ መዝግቦ ያስቀምጣል አለኝ! "ኤቨንት ቪወር" የሚባለውን መዝገብ ክፈቺ፣ "አፕሊኬሽን" ውስጥ "ዊንኢኒት" የሚለውን ፈልጊ።

ዝርዝሩ መዓት ነው። ለካ ይሄ ማሽን የሚሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ ሲጽፍ ኖሯል፤ እኔ ስንት ዓመት ስተይብበት አላውቅም። ሻዬ ቀዘቀዘ። ደንበኛ መጣ፣ ነገ ና አልኩት።

የማክሰኞው ተገኘ! ፎልደሩ የጠፋበትን ፋይል እንግሊዝኛው "ወላጅ አልባ" ይለዋል። ዘር የሚቆጥር ፋይል ወላጅ አጣ! ብቻዬን ሳቅሁ። ከታች ደግሞ፣ የተረፈውን "ፋውንድ" በሚባል ፎልደር አስቀምጫለሁ ይላል። ፎልደሩን ብፈልግ ግን የለም።

ዓርብ

ድብቅ ፎልደር ነው ለካ። ሰለሞን በስልክ እየመራኝ አወጣሁት። ስሙ ተቀይሯል እንጂ ፋይሉ ሙሉ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጽጌን ጠራኋት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የጌታሁንን ቆጠራ በቃሏ ይዛዋለች። እሷ የእሱን በጣቷ፣ እኔ የእኛን ከፋይሉ፣ ቤት በቤት ወደ ላይ ወጣን። አራቱን በሰላም አለፍን። በአምስተኛው እኔ "ደምሴ ሀብተየስ፣ የግሼው" ብዬ አነበብኩ። ጽጌ ጣቷን እንደያዘች፣ "የጌታሁንም አምስተኛ እሱ ነው" አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ የት ገባ እያልኩ ስፈልግ፣ ምን ይል ይሆን ብዬ አንዴም አላሰብኩም። አፈርኩ። "ባትፈልጊው ምን ነበረበት?" አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ነጠላዋን አንስታ በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች። "እትዬ፣ ነገ ይዘሽው ትመጫለሽ?"

ተነስቼ ማሽኑን እንደ ማክሰኞው በጨርቅ ሸፈንኩት።