ድንጋዩ ላይ የተተወው መጽሐፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ፎቶውን ሳየው ሳላስበው ጮክ ብዬ «ትርንጎ» አልኩ። ሪና ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ሪና እዚህ ላስ ቬጋስ በሚገኘው የአይሁድ ትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት፤ እኔ ረዳቷ ነኝ። ዘንድሮ እስራኤል ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር የጋራ የኢንተርኔት ገጽ ከፍታለች። የዚህም የዚያም ልጆች ስላነበቡት መጽሐፍ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ አንዱ በሌላው ሥር ኮመንት ያደርጋል። እኔ ሳላየው የሚወጣ ኮመንት የለም። ካዚኖ ውስጥ አሥር ዓመት አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩት ሴትዮ የኮመንት ዘበኛ ሆኜ አረፍኩት።

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ለዳስ በዓላቸው የያዙትን ፍሬ ፎቶ አንሥታ «ይህ በቤታችሁ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብላለች። በዕብራይስጥ፣ በስፓኒሽ፣ በሩስያኛ መልሰውላታል። ሪና «አንቺም ጻፊ እንጂ» አለችኝ። ጻፍኩ፦ «በአማርኛ ትርንጎ ይባላል። እናኑ፣ ከቤተ መጻሕፍት።»

ትርንጎ የጓደኛዬም ስም ነበር። እሱን አልጻፍኩም።

የዛሬ ሥራ፦ ሠላሳ ሁለት መጽሐፍ ላስቲክ አለበስኩ። ሁለት ኮመንት አጠፋሁ፤ አንዱ ስድብ ነበር፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች ሳቅ ብቻ። ምሳዬን ቤት ረስቼ ስለሄድኩ በብስኩት ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ኮመንት ላጣራ ስከፍት በአማርኛ የተጻፈ ጠበቀኝ።

«ጤና ይስጥልኝ እናኑ። እኔ አልማዝ ነኝ፤ እዚህ እስራኤል በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ትርንጎ የሚለውን ሳነብ ሆዴ ባባ። አገርሽ የት ነው?»

ጎንደር፣ ገጠሩ ነው አልኳት። እኛም ከዚያው ነን አለች። ከዚያ በኋላ አንድም መጽሐፍ በወጉ መደርደሪያ ላይ አልመለስኩም፤ የሂሳቡን ከተረቱ ጋር ደባልቄ ሪና ሳቀችብኝ።

ቤት ገብቼም ሐሳቤ አልተመለሰም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ነበርን። ትምህርት ቤቱ ለሁለት ተማሪ አንድ የንባብ መጽሐፍ ይሰጣል፤ እኔና ትርንጎ ደረሰን። አንድ ሳምንት እኔ ጋ ያድራል፣ አንድ ሳምንት እሷ ጋ። ግን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል አንችልም። የእሷ እናት ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ጋር ከተነካካች ሳትታጠብ ቤት አታስገባትም። የኔ እናት ደግሞ «ሰው በዓይናቸው ይበላሉ፣ አትጠጊያት» ትለኛለች። ስለዚህ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት፣ አጋሙ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፤ እሷ ታነሣዋለች። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ሆነን እስክንጠግብ እናወራለን። እንደሷ ያለ ጓደኛ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ልጆቹ «የፈላሻ ጓደኛ» እያሉ ከበቡኝ። እኔም «እሷ ፈላሻ ናት፣ ጓደኛዬ አይደለችም» አልኩ። ትርንጎ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

በነጋታው መጽሐፉ ድንጋዩ ላይ ነበር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ሳምንቱ ግን የሷ ነበር። ቤታቸው ባዶ ነው፤ ወደ ሱዳን ሄዱ ተባለ።

አርባ ዓመት አለፈው። ተቀይማኝ ነው የተወችው ወይስ ስትሄድ መሰናበቷ ነው? ይህን ሳላውቅ አረጀሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጠዋት አንድ ልጅ ሌላውን የሰደበበት ኮመንት መጣ። አጠፋሁት፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ኮመንት እንዲህ ይጠፋል፣ ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ።

ጓደኛዬን በገጹ በኩል መፈለግ እችል እንደሆነ ሪናን ጠየቅኳት። ማን ናት አለችኝ። ነገርኳት። ድንጋዩን ስነግራት ፈገግ አለች። «ፈላሻ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአይሁድ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ለአይሁድ ሴት ይህን መተርጎም እንዴት እንደሚያስጨንቅ። «መጤ፣ አገር የሌለው እንደ ማለት ነው፤ እኛ ግን ለስድብ ነበር የምንለው» አልኳት።

የመጻሕፍቱን ማኅተም አንሥታ ቀለሙን አየች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚህ ሥራ የምባረር መሰለኝ።

«የልጆቹ ገጽ ላይ የግል ጉዳይ አይወጣም» አለች በመጨረሻ። «ለአልማዝ ለብቻዋ ጻፊላት። ቃሉንም ጻፊው። እሱን ደብቀሽ የምትጠይቂው ይቅርታ ይቅርታ አይሆንም።»

እውነቷን ነው። ግን ደስ አላለኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለአልማዝ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። በአራተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት። ያልኩትን ነገርኳት፣ ድንጋዩን ነገርኳት፣ ትርንጎን ፈልጊልኝ አልኳት።

አልማዝ ቶሎ መለሰች። «እናኑ፣ ስላመንሽኝ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ለስድቡ ይቅርታ እየጠየቅሽ መጀመሪያው መስመር ላይ ‹የፈላሻ ልጅ ነበረች› ብለሻል። እኛ ቤተ እስራኤል ነን።»

ተመልሼ አነበብኩት። እውነትም አለ። ለስድብ ብዬ የጻፍኩት አይደለም፣ እንዲሁ ከእጄ የወጣ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የተጸጸትኩበት ቃል አሁንም አፌ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ስድብ እያጣራሁ ደመወዝ የምበላ እኔ ነኝ።

ይቅርታ አልኳት። «ለምደሽው ነው፤ እንግዲህ ትክክለኛውን ልመጂ» አለችኝ። ደግሞም እዚያ እንደገቡ የብዙዎቹ ስም ስለተቀየረ ትርንጎ ብሎ መፈለግ እንደማያዋጣ ነገረችኝ። ለካ በየኢንተርኔቱ ስሟን ስጽፍ የኖርኩት የሌለ ሰው ስፈልግ ነው። የአገራቸው ሰዎች የስልክ ግሩፕ ላይ የድንጋዩን ነገር ብቻ እንደምትጽፍ ቃል ገባችልኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል፣ ከቤት ልወጣ ጫማዬን ሳስር፣ ከአልማዝ፦ «አንዲት ሴት ‹ድንጋዩ ከምን አጠገብ ነበር?› ብላ ጠየቀች። ቶሎ በይ፣ ሰንበት ሊገባብን ነው።»

«ከአጋሙ» ብዬ ላክሁ። አንድ ቃል። መልስ ሳይመጣ ከቤት ወጣሁ።

ሥራ ቦታ ስደርስ እዚያ እስራኤል ሰንበት ገብቷል። ሰንበት ከገባ ስልክ አይነካም፣ አይጻፍም፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ የምሠራበት ቤትም የሚመራው በሱው ነው። አርብ በጊዜ እንዘጋለን። ሪና የጋራ ገጹንም ቆለፈች። ስትወጣ ኮቷን እንደያዘች ቆም ብላ «በኛ ሰዓት ነገ ጠዋት እዚያ ሰንበት ይወጣል፣ ትንሽ ቻይ» አለችኝ። ስለዚህ ነገር ከረቡዕ ወዲህ የተናገረችው ይኸው ነው፤ በቅቶኛል።

ትርንጎ ቤት ቅዳሜ እሳት አይነድድም ነበር። ድንጋዩም ጋ አትመጣም። ልጅ ሆኜም ቅዳሜን እንዲህ ነበር የምጠብቀው፤ እሑድ እንድትመጣልኝ። ናፈቀችኝ። ይኸው ነው፣ ናፈቀችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እዚያ ሰንበት የሚወጣበትን ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጥፌ ልብስ ሳጥብ አረፈድኩ። አንዱን ፎጣ ሁለቴ ሳላጥበው አልቀረሁም።

አምስት ሰዓት ሲል የድምፅ መልእክት መጣ። ከማላውቀው ቁጥር።

«እናኑ፣ እኔ ነኝ። አሁን ስሜ ታማር ነው። አማርኛዬ ጠፍቷል፣ አትሳቂብኝ። ቃሉን አስታውሳለሁ፣ እንዴት እረሳዋለሁ። በጣም አልቅሻለሁ። መጽሐፉን ያስቀመጥኩት ግን መምህሩ ጠፋ ብሎ እንዳይገርፍሽ ብዬ ነው። በዚያው ሌሊት ነበር የምንሄደው፤ አባቴ ለማንም አትናገሪ ብሎኝ ነበር። ነገ ደውዪልኝ፣ በሁለት ሰዓት።»

ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። አትደውዪም አላለችም። ልቧ አዝኖ እያለ፣ ልትሰደድ እየተሰናዳች፣ የኔን ጀርባ ነበር ያሰበችው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን ያለብኝ ጭንቅ ሌላ ነው። ሁለት ሰዓት የቱ ሁለት ሰዓት? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ወይ ጠዋት ነው ወይ ማታ። በእነሱ ከሆነ ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ወደ ላስ ቬጋስ ሰዓት ስመልሰው አንዱ ዛሬ ልተኛ ስል፣ አንዱ ጎሕ ሳይቀድ፣ አንዱ ነገ ቅዳሴ ላይ ይውላል። ልጠይቃት ጀመርኩና ሰረዝኩት። ከአርባ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የምጠይቃት ስንት ሰዓት ነው ብዬ እንዲሆን አልፈለግኩም።

ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። በሦስቱም እደውላለሁ። በአንዱ ታነሣዋለች።