ውጭ የቆመው ጓደኛ

እሑድ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017

አጎቴን ጋሼ መኮንንን ዛሬ ጠላኋቸው። አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ልጄ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። የባሏ እናት ሚስስ ዶሪስ፣ በልጅነታቸው ጥቁር ናችሁ ተብለው ከእናታቸው ጋር ከጫማ መሸጫ እንዴት እንደተባረሩ እያወሩልን ነበር። ጋሼ አቋረጧቸውና የራሳቸውን ጀመሩ። እዚህ አሜሪካ ተማሪ ሳሉ ከአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛቸው ጋር ምግብ ቤት ሄደው ሁለቱም አትገቡም ተባሉ። ጋሼ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን አውጥተው ሲያሳዩ፣ የውጭ አገር ሰው ናቸው ተብሎ እሳቸውን ብቻ አስገቧቸው። "ጓደኛዬ በልቼ እስክጨርስ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ" ብለው እንደ ልማዳቸው ሳቁ።

ሚስስ ዶሪስ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ምግቡ ጣፍጦዎት ነበር?" አሏቸው።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ "ማሚ፣ ፕሊዝ ቴክ ሂም ሆም" አለችኝ፤ ወደ ቤታቸው ውሰጂልኝ ማለቷ ነው።

ጋሼ ወደሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ፣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ "ሴትዮዋን ምን አስከፋት?" ይሉኛል። "ዝም ይበሉ ጋሼ" አልኳቸው። እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። በራቸው ላይ አውርጃቸው ቻው እንኳ ሳልል ነዳሁት።

ይህን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ፓስፖርቱ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ እስቅ ነበር። ውጭ የቆመው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።