በኦቦ ደበሳ ጽድ ላይ ያለው ሽቦ

ሰኞ ሰኔ 6፣ ጠዋት
ዛሬም ከሬዲዮዬ ጩኸት ብቻ። በ20 ሜትሩ የሞገድ ባንድ፣ ከ14 ሜጋኸርዝ ጀምሬ ቁልፉን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ሺሺሺ። የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሳ ጭራሽ ባሰበት። ዘግቼው ወደ ት/ቤት። ዛሬ የማስተምረው ስለ ሞገድ ነው፤ እኔ ራሴ አንድም አልያዝኩም!

ማስታወሻዬ፣ አንተ እንኳ አትሳቅብኝ። በየአገሩ ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ። አንድ ቀን እኔም ከአምቦ ላናግራቸው እፈልጋለሁ። ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል። አምና አ.አ. ሄጄ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ውዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ መስማት ብቻ።

ማክሰኞ ሰኔ 7፣ ከሰዓት
ጉዱን ደረስኩበት! ከግቢው ጽድ ላይ የወጠርኩት የአንቴናዬ ሽቦ ልክ አሥር ሜትር ነበር፤ ለ20 ሜትሩ ባንድ ልኩ ይኸው ነው፣ ከረዘመ አይይዝም። የአከራዬ ባለቤት አደ ጫልቱ ለልብስ ማስጫ አጥሮብኝ መስሏቸው፣ አዝነውልኝ ሌላ ሽቦ ቀጥለውበታል። ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተሰጥቶበት አገኘሁት። ተናደድኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ቅጥያውን ቆርጬ ለእሳቸው ከጽዱ ማዶ ገመድ ዘረጋሁላቸው።

ሐሙስ ሰኔ 9
አከራዬ ኦቦ ደበሳ ጠሩኝ። የቸርች ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ዛሬ በጣም ዝቅ አለ። ሽቦው ይውረድ። ጎጆ ከተማ ላይ የወንድማቸውን ሁለት በሬ መብረቅ ገድሎባቸዋል፤ ክረምት ገብቷል፤ ግቢያቸው ውስጥ መብረቅ የሚጠራ ነገር አይፈልጉም። ልከራከር ብዬ ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። እሑድ አወርዳለሁ አልኩ። ክፍሌ ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ይጻፍ።

ዓርብ ሰኔ 10
እምቢ። ልክ እንደ ት/ቤታችን ባንዲራ የሚወጣና የሚወርድ አደርገዋለሁ። ገመድ ገዛሁ፣ አሰርኩ። ሰማይ ሲጠራ ሽቦው ይወጣል፤ ሲጠቁር ይወርዳል። ኦቦ ደበሳ አዩት፤ እሑድ ነው ያልሽው ብለው ገቡ። እሺ። እሑድ ሳይመሽ አንድ ሰው እይዛለሁ!

እሑድ ሰኔ 12፣ 10 ሰዓት
ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ሰማይ ጥርት ብሏል። ኦቦ ደበሳ መሰላሉን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። አንዴ ብቻ ልሞክር ብዬ ለመንኳቸው። አዞርኩ። ሰው! የሽማግሌ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከሞምባሳ። ምን ይላል አሉኝ። የሚሰማኝ ሁሉ እንደምን ዋላችሁ፣ ማን አለ፣ ይላል አልኳቸው።

መሰላሉን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብለው፣ "ፈያ! አከም ጅርታ?" አሉት በኦሮምኛ፤ ደህና ነህ፣ እንዴት አለህ ማለታቸው ነው።

ጠበቁ። ሰውየው ደግሞ ጠራ። አይሰማንም አልኳቸው፤ ይሄ መስሚያ ብቻ ነው፤ ለመመለስ መሣሪያም ፈቃድም የለኝም።

ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሰው ሰላም ብሎሽ ዝም? እኛ አገር አጫጅ እንኳ መንገደኛ ሰላም ሲለው ማጭዱን አስቀምጦ ይመልሳል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።"

ሰውየው አንዴ ጠራና ጠፋ። አፈርኩ። አምና አንድ ቀን ተንከራትቼ መተዌ አሳፈረኝ።

ሽቦው አልወረደም። ሰማይ ሲጠቁር ገመዱን እኔ እይዛለሁ አሉ ኦቦ ደበሳ፤ ፈቃዱን ግን አንቺ ታመጪያለሽ።

ማክሰኞ ሰኔ 14፣ ጠዋት
አ.አ. መንገድ ላይ ነኝ። መኪናው አዲስ ዓለም ቆሞ ሰው እየጫነ ነው። ት/ቤት አስፈቅጃለሁ። ኦቦ ደበሳ አጠገቤ ናቸው፤ ካልሄድኩ ብለው፣ ገመዱን ለአደ ጫልቱ አስረክበው። ከቢሮ ቢሮ ቢያንከራትቱንም ፈቃዱን ሳልይዝ አልመለስም፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነኝ። ጉዳይሽ ምንድን ነው ሲሉኝ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ባንዱ፣ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ትምህርቱ። ኦቦ ደበሳ ሰምተው አልወደዱትም። አጭር አድርጊው አሉኝ፦ ሰው ሰላም ብሎኝ ልመልስለት ነው፣ በያቸው።