ቅቤ የተወ እጅ፦ የወይዘሮ የሺመቤት ዳኘው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሺመቤት ዳኘው ከአባታቸው ከአቶ ዳኘው ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናትዓለም ገሠሠ፣ በጣና ዳርቻ ቁንዝላ በ1915 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያስታውስ ሰው ዛሬ የለም።

በዘመኑ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሙያቸውን የተማሩት ከእናታቸው ነው። እናታቸው የመንደሩ አዋላጅ ነበሩ። ምጥ ሲጠና እጅን ለጋ ቅቤ ቀብቶ መርዳት ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ልማድ ነው፤ ቅቤው ሴቲቱን እንዳያማት ታስቦ የሚደረግ ርኅራኄ ነበር።

በ1932 ዓ.ም. ከአቶ አለበል መኮንን ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ፀሐይወርቅንና እሌኒን ወለዱ። አቶ አለበል በ1958 ዓ.ም. በወባ ሲያርፉ፣ ጌሾና በርበሬ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እየላኩ ልጆቻቸውን ለብቻቸው አሳደጉ።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት ፀሐይወርቅ የበኩር ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ መጣች። ምጡ ረዘመ። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ቀረ፤ የእንግዴ ልጁም አልወጣ አለ። እናትየው ቅቤ በተቀባ እጃቸው አወጡት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ብርድ ብርድ አላት፤ ሆዷ ተነፋ፤ ፈሳሹ ሸተተ። ምች ነው ተባለና በሩ ተዘጋ፤ ዳማከሴ ተጨመቀላት። ቀዝቃዛ ውሃ ለአራስ አይሆንም ስለሚባል ውሃ ስትለምን ተከለከለች። የሐይቁ ድምፅ ከደጃፍ ይሰማ ነበር። «እማ፣ ከንፈሬን ብቻ ላርጥበው» አለቻቸው። አልሰጧትም። በማግሥቱ አረፈች።

ማንም አልወቀሳቸውም። በዚያ ዳርቻ በአራስ ትኩሳት ሴት ያልቀበረ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ምች ብሎት ያልፋል። እሳቸው ግን ማለፍ አልሆነላቸውም። ከዚያ ወዲህ ቅቤ አልነኩም፣ አላዋለዱም፤ ፀጉራቸው ለዓመት በዓል እንኳ ደረቅ ነበር። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሣ ሥራቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር። ምን ይሰማሉ ሲባሉ «ውሃ ትለኛለች» ይሉ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠሩ። መጀመሪያ የጻፉት የፀሐይወርቅን ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ለመጻፍ አልፈለጉም።

የወንድማቸው ልጅ ከባሕር ማዶ ሕክምና ተምሮ ሲመለስ፣ እጃቸው ገድሏት እንደሆነ ጠየቁት። ማሕፀን ከወሊድ በኋላ ቁስል ማለት እንደሆነ፣ ምጥ ሲረዝም፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ሲቀር፣ ያልጸዳ እጅ ሲገባ እንደሚመረዝ፣ በሕክምና ቤትም ቢሆን እንደሚያጋጥም፣ የትኛው እንደገደላት ግን እንደማይታወቅ ነገራቸው። «አውቀህ ነው ወይስ አዝነህልኝ?» አሉት።

በ1976 ዓ.ም. እሌኒ ባሕር ዳር በሕክምና ቤት ወልዳ ሹም አቦ ሠፈር ወዳለው ቤቷ ገባች። እናትየው እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ከበሩ ሥር ተቀመጡ፤ ልጃቸውንም ሕፃኗንም አልነኩም። በሦስተኛው ቀን እሌኒን አተኮሳት። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው መስኮቱን ዘጉ። ወይዘሮ የሺመቤት ተነሡ። «ምች አይደለም። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤ እኔ ቀብሬበታለሁ። አንሡልኝ» አሉ። ቃሬዛው እስኪመጣ እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው በሳሙና ታጠቡና፣ ለልጃቸው ቀዝቃዛ ውሃ በገዛ እጃቸው አጠጧት። ሐኪሞቹ በማሕፀኗ የቀረ ቁራጭ አገኙ፤ በመርፌ መድኃኒት ዳነች።

ከዚያም በኋላ ነፋሱን ማዳመጥ አልተዉም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻዋ ሰዓት ውሃ ለመኑ፤ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ በሩ አመለከቱና «ለፀሐይ ስጧት» አሉ። እሌኒ ወስዳ ደጃፉ ላይ አፈሰሰችው።

ይህ ነገር በቀብር ላይ አይነበብ ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እሳቸው ግን በነፍስ አባታቸው በመምሬ ወልደ ዮሐንስ ፊት፣ አራስ ስታተኩስ ምች ብሎ በር የሚዘጋ እንዳይኖር በሰው ፊት ይነበብልኝ ብለው ተናዘዋል። ስለዚህ ተነበበ።

ወይዘሮ የሺመቤት ልጃቸውን እሌኒ አለበልን፣ የልጅ ልጃቸውን ወለላንና የወንድማቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከልጃቸው ጋር፣ ውሃ ከማይከለከልበት ስፍራ ያሳርፍልን።