ሦስተኛዋን ስንኝ ሳትቀበይኝ

አምበር፣ ኅዳር 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለሆዴ።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበትሽ? ሰውነትሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ሙላትስ ደኅና ነው? የሐዋሳ ሙቀት በርትቷል ወይስ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኔ ጉልበቴን ከዚህ ጉዳይ ካወጣነው ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ዘንድሮ ውርጩ ቶሎ ጀመረ፤ ጤፉን ሳናጭደው ሊመታው ነው እያለ ሰዉ ሁሉ ይጨነቃል። ጠዋት ጠዋት ከቤት የምወጣው የአባትሽን ጋቢ ነጠላዬ ላይ ደርቤ ነው። ያየኝ ሁሉ፣ መሪጌታ ተነሡ እንዴ እያለ ይቀልድብኛል።

ደብዳቤ ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ ሰው የለም። ስልክ እያለ ምን አስጻፋት ትዪ ይሆናል። በስልክ ሲሆን አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ ደግሞ ዝምታሽን መስማት ስለማልችል የማይረባ ነገር መቀባጠር እጀምራለሁ። በወረቀት ግን አንቺም ዝም ብለሽ ታነቢያለሽ፣ እኔንም እስክጨርስ የሚያቋርጠኝ የለም። የእጅ ጽሑፌን ታገሺው። መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ይኸንኑ ነው።

ለመስቀል መጥተሽ ሳለ፣ ያቺ ጃፓናዊት የትምህርት ቤት ጓደኛሽ ያስተማረችሽን ነገር ይዘሽብኝ መጣሽ። ሃይኩ ይባላል አልሽኝ፤ ሦስት ስንኝ ብቻ ነው፣ ያየሽውን ማለት ነው፣ በቀን አንድ። እኔማ ሳቅሁ። የአባትሽ ቅኔ የዋሸራ ቤት ነው ሲባል ኖሮ፣ የእኔ የጃፓን ቤት ሊባል ነው አልሁሽ። አንቺ ግን አለቀቅሽኝም። እማ፣ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ከምትውይ በቀን አንድ ነገር እይና ማታ ስደውል ንገሪኝ፣ እኔ እቀበልሻለሁ አልሽኝ። እቀበልሻለሁ ስትዪ ነው የተሸነፍሁት።

ልጅ ስለነበርሽ ትዝ ይልሽ እንደሁ አላውቅም። አባትሽ የቆጠሩትን ቅኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ደጃፍ ላይ ቆመው ይሉት ነበር። ማኅሌት ላይ ቅኔ ሲባል ተቀባይ አለ አይደል፤ ባለቅኔው አንዷን ስንኝ ይላል፣ ተቀባዩ ያችኑ መልሶ ይላል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ ይታለፋል። እዚህ ደጃፍ ላይ ተቀባይዋ እኔ ነበርሁ። ግእዝ አላውቅ፤ እንደ ሰማሁት እመልስላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ቃሉን አጣምሜ ስመልስላቸው በሳቅ ይፈርሳሉ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይቆጣሉ። አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም ይሉና በማግሥቱ ሌላ አዲስ ነው። ለምን አይጽፉትም ስላቸው፣ አንቺ ተቀብለሽኝ የለም እንዴ ይሉኝ ነበር።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ይኼ ደጃፍ ጭር አለ። የቅኔ ተማሪዎቻቸውም ሌላ ጉባኤ ፍለጋ ሄዱ፣ ጎጆዎቻቸው ብቻ ቀሩ። ሰው አይቀርብኝም አልልሽም፤ ይመጣል፣ እንዴት ዋልሽ ይላል፣ ይሄዳል። ያልሁትን የሚመልስልኝ ሰው ግን አልነበረም። ብቸኝነት ማለት ለእኔ ይኼ ነው ልጄ።

እናም ጀመርሁ። የመጀመሪያዋ ትዝ ትልሻለች?

አደይ በአጥሩ ሥር፤
ትናንት የረገጥሁት
ዛሬ ቀና ብሏል።

አንድ በአንድ ተቀበልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፣ ይኸው አሁን ነገርሁሽ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሥራ አገኘ። ማሰሮ እያጠብሁም፣ ውኃ እየቀዳሁም፣ ዛሬ ለልጄ ምን ልበላት እያልሁ ዙሪያዬን ሳይ እውላለሁ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ይቺን አልሁሽ፤

የተማሪ ጎጆ፤
በሩን ነፋስ ይከፍታል፣
ነፋስ ይዘጋል።

አባትሽ ቢሰሙኝ ኖሮ፣ ሰም የለው ወርቅ የለው፣ ይኼ የምን ቅኔ ነው ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

በዚያ ሰሞን ከጎረቤታችን ከአመተ ማርያም ጋር ተኮራርፈን ነበር፣ አልነገርሁሽም። ነገሩ በዶሮ ነው። ቀይዋ ዶሮዬ በአጥሩ ሥር እየሾለከች ጎመኗን ጨረሰችባት። እሷ ድንጋይ ወረወረችባት፣ እኔም የማይባል ነገር ተናገርሁ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ወደ ምሥራቅ አንዳችን ወደ ምዕራብ እናያለን። ዶሮዋን እንቁላል አስታቀፍኋትና ከቤት መዋል ጀመረች፤ ጎመኑ ዐረፈ፣ እኛ ግን እንደተኮራረፍን ቀረን።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጫጩቶቹ ወጡ። አንድ እንቁላል ብቻ ቀረ። ጫጩቶቿ ቤቱን ሲያተራምሱት ዶሮዋ ከዚያ እንቁላል ላይ አልነሣም አለች። ስሠራም ስቀመጥም እሷን ሳይ ዋልሁ። ማታ ስትደውዪ ደስ ብሎኝ ነበር። የዛሬዋ ጥሩ ናት፣ ተቀበይኝ አልሁሽ፤

ጫጩቶቹ ወጡ፤
ዶሮዋ አሁንም ታቅፋለች
የቀዘቀዘውን።

የመጀመሪያዋን ተቀበልሽኝ። ሁለተኛዋን ድምፅሽ እየቀጠነ ተቀበልሽኝ። ሦስተኛዋ ላይ ዝም አልሽ። እኔ ሞኟ ኔትወርክ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ። መስማትሽን ሳውቅ ደግሞ ቀለድሁብሽ። አንዲት ቃል መመለስ አቅቶሽ ነው? አባትሽ ቢሆኑ ይገርፉሽ ነበር፤ በይ እንጂ፣ የቀዘቀዘውን በይ አልሁሽ። ደግሜ ደጋግሜ በይ አልሁሽ። እማ ደክሞኛል አልሽና ዘጋሽው።

ከዚያ ወዲያ አልደወልሽም። እኔ ስደውል የሚያነሣው ሙላት ነው። ትንሽ አሟት ነው እማማ፣ ጉንፋን ነው፣ ተኝታለች ይለኛል። ልጁ መዋሸት አያውቅበትም። ጉንፋን ነው ሲለኝ የታመመው እሱ ራሱ ይመስላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀየምሁሽ። ሥራ በዛባት፣ ጨዋታው ሰለቻት፣ የአሮጊት ወሬ ስንት ቀን ይሰማል ብዬ ተቀየምሁ። ግን ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን ታቅፌ እቀመጣለሁ።

ያቺ ስንኝም አልተወችኝም። ሌላ ልል ብሞክር እሷው ትመጣብኛለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሲብስብኝ ወጣሁና አባትሽ ይቆሙበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ቆሜ ለባዶው ግቢ ጮክ ብዬ አልሁት። ጫጩቶቹ ወጡ አልሁ። ጫጩቶቹ ወጡ የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። አመተ ማርያም ናት። ለካ እኔና አንቺ ማታ ማታ በስልክ ስንባባል፣ እየተኮራረፍንም አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ስትሰማን ኖራለች። እኔም ቀጠልሁ። ሁለተኛዋንም ተቀበለችኝ። ሦስተኛዋ ላይ እሷም ዝም አለች።

ትንሽ ቆይታ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለችና፣ አንቺ፣ ይቺን ለልጅሽ ነግረሻታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ምነው አልኋት። መለሰችልሽ ወይ አለችኝ። የለም፣ ዝም አለችኝ ስላት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። አመተ ማርያም የፊተኞቹን ሁለቱን ሆዷ ውስጥ እንዳሉ ነው ያጣቻቸው፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ነጠላዋን እንደያዘች ወደ ቤቷ ገባች።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ። የመስቀል ዕለት ቅቤው ሸተተኝ ብለሽ ወጡን ገፋ ያደረግሽው ትዝ አለኝ። ያን ቀን ምንም አላልሁሽም። በእኛ አገር እንደሱ ያለው ነገር ራሱ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያወራም። ዓይን እንዳይገባበት ብለን አፋችንን እንይዛለን፤ እኔም አፌን ያዝሁ። እጄ ግን አላርፍ ብሎ ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ቅቤ አጠራቅሜያለሁ፣ ለገንፎ የሚሆን ገብስም ፈትጌያለሁ። ስትመጪ አሳይሻለሁ እያልሁ ለራሴ ስስቅ ነበር። ሲመጣ ዝም አልን፤ ሲሄድም ይኸው ዝም እንዳልን ቀረን፣ አንቺ እዚያ ብቻሽን፣ እኔ እዚህ ብቻዬን። ይኼን ደንብ ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

አልጠይቅሽም። መቼ ነው፣ እንዴት ሆነ አልልሽም። በይ፣ በይ እያልሁ ያስጨነቅሁሽ ግን እንደ እሾህ ወግቶኛል፣ ይኼን እወቂልኝ።

በማግሥቱ እንቁላሉን ላነሣ እጄን ብሰድ ዶሮዋ በመንቆሯ ወጋችኝ፣ ደም አወጣች። ለጫጩቶቹ ጥሬ ይዛ የመጣችው አመተ ማርያም፣ ተያት አለችኝ። ትታቀፈው፣ ሲበቃት ራሷ ትነሣለች፣ ሰው አያስነሣትም አለችኝ። እኔም ተውኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት አሮጊቶች አንዲት ዶሮ እያየን እንቀመጣለን። ጨዋታችን ብዙ አይደለም። ስለ ተወረወረው ድንጋይም ስለ ጎመኑም አላነሣንም።

ዛሬ ጠዋት ተነሣች። በግቢው ዞር ዞር አለችና፣ የለመደች ናትና በአጥሩ ሥር ሾልካ ጎመኑ ውስጥ ገባች። አመተ ማርያም እያየቻት ድንጋይ አላነሣችም። እንቁላሉን እኔና እሷ ከጽዱ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን አኖርነው። ሜዳ ላይ መጣል አልሆነልንም።

አሁን ስሚኝ። ቅቤው እንዳለ ነው፣ ገብሱም እንዳለ ነው። ለማንም አልሰጠሁትም። ገንፎ ልጅ ለታቀፈች ብቻ ነው ያለው ማነው? የተጎዳ ሰውነት ሁሉ መጠገን ይፈልጋል። ሙላት ያምጣሽና ጥቂት ቀን እዚህ ተኚ። አልችልም ካልሽ እኔ እመጣለሁ። ጉልበቴ መናኸሪያው ድረስ ከታገሠኝ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የአውቶቡሱ ነው፤ የዓባይን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ።

ካልሆነም ደውዪ። የእኔን መቀበሉ ይቅርብሽ፣ ከእንግዲህ ተራው ያንቺ ነው። ያየሽውን በይኝ። ሦስት ስንኝ ባይሞላ ሁለት፣ ሁለት ባይሆን አንዲት ቃል። ማልቀስ ብቻ ከሆነም እሱኑ እቀበልሻለሁ። የአባትሽን ግእዝ ሳይገባኝ ስመልስ የኖርሁ ሴት፣ ያንቺን ልቅሶ መመለስ አያቅተኝም።

ነገ ገበያ ደብረ ማርቆስ ስለምወርድ ይቺን ፖስታ ቤት አስገባታለሁ። የዛሬዋንም ጨመርሁልሽ። መልሺልኝ ብዬ አይደለም፣ እንድታውቂያት ያህል ነው።

ዶሮዋ ተነሣች፤
ከበሩ ስትደርስ
ዞራ አየችው።

የአባትሽ ጸሎት ይጠብቅሽ። እመብርሃን በእጇ ትዳብስሽ፣ የጎደለብሽን እሷ ትሙላልሽ። ሙላትን ሳሚልኝ፤ እሱም እኮ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። አመተ ማርያም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብላሻለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም እንደነገረችኝ አድርሻለሁ።

ማታ ማታ በዚያው ሰዓት ደጃፍ ላይ ነኝ።

ተቀባይሽ፣ እናትሽ