ለእኔ የመጣው መልስ

ዳንግላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

የልጅ ልጄ ትዕግስት ለአንድ ክሊኒክ የሠራችውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ዛሬ አሳየችኝ። ሐኪሙ የምርመራ ጥያቄውን በአንድ ወረፋ፣ መልእክት ተራ ይዞ በሚሄድበት መስመር፣ ይልካል፤ ላቦራቶሪው በሌላ ወረፋ ይመልሳል፤ ሐኪሙ መልሱ እስኪመጣለት ይጠብቃል።

«መልሱ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል?» አልኋት።

«አባባ ደግሞ! በተራው ነዋ የሚመጣ።»

ጠረጠርሁ። ቀድሞ የተነሳ ጋሪ ሁሉ ቀድሞ አይገባም። «እስቲ የእኔን የስኳር ምርመራ አስቀድመሽ፣ የጎረቤታችንን የእርግዝና አስከትለሽ ሞክሪው።» ሞከረች። የእርግዝናው መልስ ፈጥኖ ደረሰና ስክሪኑ እኔን ነፍሰ ጡር አደረገኝ።

«ወንድ ይሁን ሴት አይልም?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም፤ መልሱ የጥያቄውን ቁጥር ይዞ እንዲመለስ ልታስተካክል ተቀመጠች።

ክሊኒኩ ግን በፕሮግራሙ መሥራት ከጀመረ ሳምንቱ ነው። እኔም ሐሙስ ዕለት እዚያው «ስኳር የለብዎትም» ተብዬ፣ ይኸው ማር ስልስ ሰነበትሁ። ማን ይሆን ያ ስኳር የሌለበት ሰው?